ኢዲቲኤ ለአጥንት ናሙና፦ በአንቲቦዲ ለሚቀለም ስላይድ ምን ያህል ይታመናል?

ኢዲቲኤን የላቦራቶሪ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ወይን ጠጅ ክዳን ባለው የደም ቱቦ ውስጥ ካልሲየሙን ይዞ ደሙ እንዳይረጋ የሚያደርገው እሱ ነው። እዚህ የምገመግመው ግን በሌላው፣ ከፓቶሎጂ ክፍል ውጭ ብዙም በማይነገርለት ሥራው ነው፤ ይኸውም ፎርማሊን ውስጥ ቆይቶ ፊክስ ከሆነ (እንዳይበሰብስ ከተጠበቀ) የአጥንት ናሙና ካልሲየሙን አውጥቶ ናሙናውን ለማይክሮቶም፣ ማለትም ስስ ቁርጥ ለሚቆርጠው መሣሪያ፣ ምላጭ የተመቸ ማድረጉ ነው። በአዲስ አበባ በምሠራበት ላቦራቶሪ ከሁለት ዓመት በላይ በዱቄት መልክ እየገዛን፣ በ14 በመቶ መጠን ራሳችን እያዘጋጀን ተጠቅመንበታል። ከዚያ በፊት እንጠቀም የነበረው ተዘጋጅቶ የሚመጣ፣ መሠረቱ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ የሆነ ፈጣን መፍትሔ ነበር፤ በመካከሉም 10 በመቶ ፎርሚክ አሲድን ለሦስት ወር ሞክረናል። ስለዚህ የማወዳድረው በእጄ የሠራሁባቸውን ሦስቱን ነው። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ በናሙናው ላይ በአንቲቦዲ የሚሠራ ማቅለም፣ ማለትም ኢሚውኖሂስቶኬሚስትሪ፣ ሊታዘዝ የሚችልበት ጥቂት ዕድል እንኳ ካለ ከኢዲቲኤ ሌላ የመጀመሪያ ምርጫ የለኝም። ይህ ፍርድ የሚጸናው ግን ቀጥሎ የምዘረዝራቸው ሁኔታዎች ሲሟሉ ነው።

አጥንት ከክብደቱ 65 በመቶ ገደማ ማዕድን ነው፤ የቀረው በአብዛኛው ኮላጅንና ውኃ ነው። ማዕድኑ ሃይድሮክሲአፓታይት የሚባለው የካልሲየምና የፎስፌት ክሪስታል ሲሆን፣ ይህ ባለበት ናሙናውን በፓራፊን ቀብሮ በ3 ወይም በ4 ማይክሮን ውፍረት መቁረጥ አይቻልም። ምላጩ ይሸረፋል፣ ቁርጡም ይቀደዳል፤ በአጥንቱ ጠርዝ ያለው መቅኒም ተገፍቶ ይወጣል። ስለዚህ ካልሲየሙን ማውጣት የማይቀር ሥራ ነው፤ ምርጫው ያለው በምን ይውጣ በሚለው ላይ ነው።

አሲድ ይህን ሥራ ፈጥኖ ይሠራል። ጠንካራዎቹ፣ ሃይድሮክሎሪክና ናይትሪክ አሲድ፣ ቀጭን የመቅኒ ናሙናን በጥቂት ሰዓታት ያለሰልሳሉ። ችግሩ አሲዱ ማዕድኑን ከሴሉ ለይቶ አለማወቁ ነው። ክሪስታሉን የሚያሟሟው የሃይድሮጅን አዮን ፕሮቲኖችንም ይሰባብራል፣ አንቲቦዲው የሚይዘውን የፕሮቲን ቅርጽ፣ ማለትም አንቲጅኑን፣ ይለውጣል፣ ከዲኤንኤ ላይም ፒዩሪን የተባሉትን ቤዞች እየነቀለ ይጥላል። ይህ የመጨረሻው እንግዳ ነገር አይደለም፤ ፎይልገን እ.ኤ.አ. በ1924 ያስተዋወቀው የዲኤንኤ ማቅለሚያ ዘዴ ሆን ብሎ የሚጠቀመው ይህንኑ የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠባይ ነው። እዚያ በደቂቃ ተለክቶ የሚደረገውን እኛ በሌላ ስም ሰዓታትና ቀናት እያስረዘምን እናደርገዋለን። ጉዳቱ መጀመሪያ የሚታየው በተለመደው የሄማቶክሲሊንና ኢዮሲን ስላይድ ላይ ነው፤ ኒውክለሱ ሰማያዊነቱን ያጣና ስላይዱ ሁሉ ሮዝ ይሆናል። ስላይዱ እንዲህ ከሆነ አንቲቦዲው ከመፍሰሱ በፊት ብዙ ነገር ጠፍቷል ማለት ነው።

ምርቱን እንድንቀይር ያስገደደን አጋጣሚ ይህ ነው። ቀደም ሲል በጡት ካንሰር ከታከመች ሴት የተወሰደ የአጥንት ባዮፕሲ አርብ ከሰዓት በኋላ ደረሰን። በፈጣኑ አሲድ ውስጥ ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ሊቆይ የሚገባው ናሙና እስከ ሰኞ ጠዋት ቆየ። ሰኞ ሲቆረጥ እንደ ቅቤ ለስልሶ ነበር፤ ቆራጩም በዚህ ተደስቶ ነበር። የካንሰሩ ሴሎች በኢዮሲን ታዩ፣ የምርመራው ስምም አላጠራጠረም። ለኢስትሮጅን ተቀባይ፣ ማለትም በኒውክለስ ውስጥ የኢስትሮጅን ሆርሞንን ለሚይዘው ፕሮቲን፣ የተሠራው ማቅለም ግን ባዶ ወጣ። የመጀመሪያው የጡት ዕጢ በዚሁ ማቅለም ጠንካራ አዎንታዊ እንደነበር ከመዝገቡ ታየ። ፓቶሎጂስቷ ስላይዱን አስቀምጣ፣ «ይህን አሉታዊ ነው ብዬ ብፈርም የፈረምኩት ስለ ሕመምተኛዋ ነው ወይስ ስለ አሲዱ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ወደ አጥንት የተዛመተ የጡት ካንሰር አንዳንድ ጊዜ በእውነትም ተቀባዩን ያጣል፤ ስለዚህ ባዶውን ስላይድ አይቶ ሁለቱን መለየት አይቻልም። ደግነቱ ከናሙናው አንድ ትንሽ ቁራጭ ፎርማሊኑ ውስጥ ቀርቶ ነበር። እሱን በኢዲቲኤ አለስልሰን ደግመን ስንቀልም ኒውክለሶቹ ቡናማ ሆነው ወጡ። ያ ቁራጭ ባይኖር ኖሮ ታሞክሲፈንን የመሰለ ተቀባዩን መሠረት ያደረገ ሕክምና የማይመከርላቸው ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ትገባ ነበር። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤ በአሲድ የጠፋ አንቲጅን ግን አይለቀምም።

ነገሩን የከፋ የሚያደርገው የውሳኔው መስመር ዝቅተኛ መሆኑ ነው። የአሜሪካ የክሊኒካል ኦንኮሎጂ ማኅበርና የአሜሪካ ፓቶሎጂስቶች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡትና በ2020 ባሻሻሉት መመሪያ መሠረት ከዕጢው ሴሎች 1 በመቶው እንኳ ኒውክለሱ ከተቀለመ ውጤቱ አዎንታዊ ነው፤ ከ1 እስከ 10 በመቶ ያለውም ዝቅተኛ አዎንታዊ ተብሎ ይመዘገባል። በዚህ ጠባብ ክልል ያለ ዕጢ ጥቂት ሰዓት በበዛ አሲድ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ሊሻገር ይችላል።

ኢዲቲኤ የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። አሲድ እንዳይባል በፒኤች 7.2 አካባቢ ገለልተኛ ሆኖ ይዘጋጃል፤ አንዱ ሞለኪውል አንድ የካልሲየም አዮን እንደ ጥፍር ጨምድዶ ይይዛል። የሚይዘውም ከክሪስታሉ ገጽ ላይ የላላውን ብቻ ስለሆነ የላይኛው ሽፋን ሲለቅ ቀጣዩ ይጋለጣል፣ እሱም ሲለቅ ሌላው። ዝግመቱ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ጨዋነቱም እንዲሁ። በገለልተኛ ፒኤች ፕሮቲኑም ዲኤንኤውም በአሲድ እንደሚደርስባቸው ዓይነት ስብራት አይደርስባቸውም። ፒኤቹን ወደ አልካላይ ከፍ ማድረግ ሥራውን ያፋጥናል፤ ነገር ግን ለአልካላይ የሚሳሱ የፕሮቲን ትስስሮችን ስለሚነካ ከ7.0 እስከ 7.4 ካለው ክልል አለመውጣት ይሻላል።

ስለ ግዢው ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ ምክንያቱም ብዙ ላቦራቶሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኢዲቲኤ በአንድ ስም የሚሸጥ አንድ ዱቄት አይደለም። ለእኛ ሥራ የሚመቸው ዳይሶዲየም ኢዲቲኤ ዳይሃይድሬት ሲሆን የሞለኪውል ክብደቱ 372.24 ነው፤ ይህ ቁጥር በጠርሙሱ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ቴትራሶዲየም የሚባለውም ይሠራል፤ ነገር ግን ውኃ ውስጥ ሲገባ ብርቱ አልካላይ ስለሚሆን በአሴቲክ አሲድ ማውረድን ይጠይቃል፣ የግራሙም ስሌት ይለያል። ሶዲየም የሌለው ንጹሕ የኢዲቲኤ አሲድ ደግሞ ብዙ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ካልተጨመረለት ውኃ ውስጥ አይሟሟም። አራተኛው፣ ካልሲየም ዳይሶዲየም ኢዲቲኤ የሚባለው፣ ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይሆንም፤ ጥፍሩ አስቀድሞ ካልሲየም ስለያዘ ከአጥንቱ የሚወስድበት እጅ የለውም። አንድ ጊዜ አንድ አቅራቢ ያመጣልን ይህንኑ ነበር። የዋጋ መጠየቂያችን «ኢዲቲኤ፣ 1 ኪሎ» ብቻ ይል ስለነበር ጥፋቱ የእኛም ነው፤ ናሙናው ከ10 ቀን በኋላም እንደ ጠጠር መሆኑን ስናይ ነው መለያውን ያነበብነው። ከዚያ ወዲህ መጠየቂያችን ላይ የጨዉን ሙሉ ስምና የሞለኪውል ክብደቱን እንጽፋለን። ለሞለኪውላር ሥራ ተብሎ በውድ የሚሸጠው ደረጃ ለዚህ አያስፈልግም፤ ተራው የላቦራቶሪ ደረጃ ይበቃል። ተዘጋጅቶ በፈሳሽ መልክ የሚሸጥም አለ፤ ፒኤች መለኪያ ለሌለው ክፍል ጥሩ ነው። ከውጭ ለሚያስመጣ ግን ውኃ በውጭ ምንዛሪ መግዛትና ማጓጓዝ ነው የሚሆነው። ዱቄቱ ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ለረጅም ጊዜ ሳይበላሽ ይቆያል።

አዘገጃጀቱ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ አይከብድም። 140 ግራም ዳይሶዲየም ኢዲቲኤ ከ900 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውኃ ጋር ይደባለቃል። መጀመሪያ ላይ ሁሉም አይሟሟም፤ ደመና እንደመሰለ ይቆያል፣ ፒኤቹም ከ4 እስከ 5 ባለው አካባቢ ነው። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ቀስ እየተደረገ ሲጨመርበት ፈሳሹ እየጠራ ይሄዳል። በስሌት ወደ 14 ግራም ገደማ ይወስዳል፤ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ግን ሚዛኑ ሳይሆን የፒኤች መለኪያው ነው። ፒኤቹ 7.2 ሲደርስ በውኃ 1 ሊትር ይሞላል። የዚህ አንድ ሊትር አቅም በጽንሰ ሐሳብ ደረጃ 15 ግራም ካልሲየም ነው። ከዳሌ አጥንት በመርፌ የሚወጣ የመቅኒ ናሙና የያዘው ካልሲየም በሚሊግራም የሚለካ ስለሆነ አቅሙ አያሳስብም። ደረቅ ጠንካራ አጥንት ግን ከክብደቱ ሩብ ገደማ ካልሲየም ስለሆነ ለትላልቅ ቁራጮች መጠኑን ማስላት ግድ ይላል። አንድ ነገር ልጨምር፤ ኢዲቲኤ ካልሲየም በያዘ ቁጥር የሃይድሮጅን አዮን ይለቅቃል። ስለዚህ ናሙናው ውስጡ በቆየ ቁጥር የፈሳሹ ፒኤች እየወረደ፣ ሥራውም እየዘገመ ይሄዳል። ፈሳሹን ሳይቀይሩ «ኢዲቲኤ አይሠራም» የሚሉ ባልደረቦችን ሰምቻለሁ፤ አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

ናሙናው ወደ ኢዲቲኤ ከመግባቱ በፊት በ10 በመቶ ገለልተኛ ፎርማሊን በሚገባ ፊክስ መሆን አለበት። ይህ ለአሲድ የበለጠ ይሠራል፤ ፎርማሊኑ ያላሠረውን ፕሮቲን አሲዱ እንደ ልቡ ያፈርሰዋልና። ለኢዲቲኤም ቢሆን ለሳምንታት ገለልተኛ ፈሳሽ ውስጥ የሚቀመጥ፣ በቅጡ ፊክስ ያልሆነ ህብረ ህዋስ መበስበሱ አይቀርም። ከላይ የጠቀስኩት መመሪያ ለጡት ናሙና ከ6 እስከ 72 ሰዓት የሚለው የፎርማሊን ቆይታ ለአጥንትም ጥሩ መነሻ ነው፤ እኛ የመቅኒ ናሙናን 24 ሰዓት እናቆያለን። ከዚያ ታጥቦ ከመጠኑ ቢያንስ 20 እጥፍ ወደሆነ ኢዲቲኤ ይገባል። ትልቅ አጥንት ከሆነ መጀመሪያ በመጋዝ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይቆረጣል፤ ወፍራም አድርጎ አስገብቶ ጊዜን መውቀስ ፍትሐዊ አይደለም።

ስለ ጊዜው እውነቱን መናገር አለብኝ። የመቅኒ ናሙና በ37 ዲግሪ በሚነቃነቅ ትሪ ላይ፣ ፈሳሹ በየቀኑ እየተቀየረ፣ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይበቃዋል። በአዲስ አበባ የክፍል ሙቀት፣ በተለይ በክረምት፣ ያለ ማነቃነቂያ ሦስትና አራት ቀን የወሰደብን ጊዜ አለ። ቀጭን የተቆረጠ የጭን አጥንት ሁለትና ሦስት ሳምንት ይፈልጋል፤ ወፍራሙ ከዚያም ያልፋል። መብራት ሲቋረጥ ማሞቂያውም ማነቃነቂያውም ይቆማሉ፤ ይህ ሥራውን ያዘገያል እንጂ ናሙናውን አይጎዳም። ለእኔ የኢዲቲኤ ትልቁ ብልጫ ይህ ነው። አርብ የተረሳ ናሙና ሰኞ ላይ ተርፎ ይገኛል። አሲድ ግን የረሳውን ሰው ይቅር አይልም። ማሞቅም እንደዚሁ ነው፤ ኢዲቲኤን እስከ 37 ዲግሪ ማሞቅ ያፋጥነዋል፣ አሲድን ማሞቅ ግን ጉዳቱን ከጥቅሙ በላይ ያፋጥነዋል።

ካልሲየሙ ወጥቶ ማለቁን ማወቅ ከሁሉ ይከብዳል። በመርፌ መውጋትና ማጎበጥ በብዙ ቦታ የተለመደ ቢሆንም ህብረ ህዋሱን ይቀድዳል፣ ሐሰተኛ ክፍተትም ይፈጥራል። ከሁሉ የሚታመነው ራጅ ነው፤ በአቅራቢያችን ባለ የጥርስ ራጅ ትላልቆቹን ናሙናዎች እያነሳን አይተናል፣ የቀረው ካልሲየም ነጭ ሆኖ ይታያል። በኬሚካል ለሚፈትኑ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ለአሲድ የሚሠራው የአሞኒየም ኦክሳሌት ሙከራ በኢዲቲኤ እንደወረደ አይሠራም፤ ካልሲየሙ በጥፍሩ ስለተያዘ አይዘቅጥም። ናሙናው የነበረበት ፈሳሽ መጀመሪያ ወደ ፒኤች 3.2–3.6 ዝቅ ተደርጎ ነው ኦክሳሌቱ የሚጨመረው። ይህን ሳያደርጉ ፈሳሹ ጥርት ብሎ ስላዩት ሥራው አልቋል ያሉ ሰዎች ያልተጠናቀቀ አጥንት ወደ ፓራፊን ይልካሉ። ካለቀ በኋላ ደግሞ በውኃ በደንብ ማጠብ ያስፈልጋል፤ ኢዲቲኤ አልኮል ውስጥ ስለማይሟሟ ያልታጠበው ናሙናው ውስጥ ክሪስታል ሆኖ ይቀራል፣ በስላይድም ላይ ይታያል።

ወደ ዋናው ነጥብ፣ ወደ ማቅለሙ ልምጣ። ምርቱን ከመቀበላችን በፊት የፈሳሾቹን ጉዳት ብቻውን ለማየት ካልሲየም የሌለበት ቶንሲል ተጠቀምን። ከአንድ ቶንሲል የተቆረጡ፣ እኩል ፊክስ የሆኑ ቁራጮች አንዱ ምንም ሳይነካው ቀረ፣ ሌሎቹ በኢዲቲኤ፣ በፎርሚክ አሲድና በፈጣኑ አሲድ ውስጥ ለተለያየ ጊዜ ቆዩ፤ ከዚያ ሁሉም አንድ ብሎክ ውስጥ ተቀብረው በአንድ ስላይድ ላይ ተቀለሙ። ይህ የቤት ሙከራ እንጂ ጥናት አይደለም፤ ማንኛውም ክፍል በአንድ ሳምንት ሊደግመው ስለሚችል ነው የምነግራችሁ። በሴል ሽፋን ላይ የሚገኙት የሊምፎሳይት መለያ ፕሮቲኖች ሲዲ20 እና ሲዲ3 በሁሉም ቁራጮች ላይ ታዩ፤ በረጅሙ የአሲድ ቆይታ ደብዘዝ ከማለታቸው በቀር። በመከፋፈል ላይ ባሉ ሴሎች ኒውክለስ ውስጥ የሚገኘው ፕሮቲን፣ ኬአይ-67፣ ግን ሌላ ታሪክ ነው። በሊምፍ ፎሊክል መሀል ጨለማ ሆኖ ሊታይ የሚገባው ቀለም በፈጣኑ አሲድ 24 ሰዓት በቆየው ቁራጭ ላይ እጅግ ሳስቶ ነበር፤ በኢዲቲኤ የቆየው ካልተነካው ጎን ቆሞ በዓይን የሚለይ አልነበረም። ቀድሞ የሚጎዱት በኒውክለስ ውስጥ ያሉ አንቲጅኖች መሆናቸው በመስኩ የታወቀ ነው፤ በራስ ስላይድ ላይ ሲያዩት ግን የሚያሳምነው ይበልጣል።

በመቅኒ ናሙና ላይ የምንጠቀምባቸው የሴል መለያዎች ሲዲ34፣ ሲዲ117፣ ሲዲ61 እና ሲዲ138 በኢዲቲኤ ንጹሕ ሆነው ይወጣሉ፤ የካፓና የላምዳ (የአንቲቦዲ ቀላል ሰንሰለቶች) ማቅለምም ከጀርባው ያለው ጭጋግ ቀንሶልናል። መቅኒ ራሱ ውስጥ የሚገኘውን መቆጣጠሪያ ማንበብ ግን ከየትኛውም ምርት በላይ ይጠቅማል። ለሲዲ34 የደም ሥሮች ግድግዳ መቀለም አለበት፤ ለኬአይ-67 ደግሞ በመከፋፈል ላይ ያሉት የቀይ ደም ሴል እናቶች መቀለም አለባቸው። እነሱ ባዶ ከሆኑ የዕጢው ባዶነት ምንም አይናገርም። ለኢስትሮጅን ተቀባይ ግን በመቅኒ ውስጥ የምንተማመንበት እንዲህ ያለ ምስክር የለም፤ በተለየ ስላይድ ላይ ያለ የጡት መቆጣጠሪያም አሲድ ስላልነካው የናሙናውን መከራ አይመሰክርም። በጡት ካንሰር ናሙና ላይ ያለኝ ጥብቅነት ከዚህ የመጣ ነው። በጡት ካንሰር ለሚታየው ሄር-2 ጂን የሚደረገው የፊሽ ምርመራም (ጂኑን በሚያበራ ምልክት የሚያሳይ ዘዴ) ዲኤንኤውን ስለሚፈልግ በጠንካራ አሲድ የቆየ ናሙና ላይ በተደጋጋሚ ሳይሳካ ይቀራል፤ በኢዲቲኤ የተዘጋጀው ግን ይሠራል።

እ.ኤ.አ. በ1991 ሻን-ሮንግ ሺና ባልደረቦቹ ያስተዋወቁት አንቲጅንን በሙቀት የመግለጥ ዘዴ ለአጥንት ቁርጦች ፈተና ነው። ኮላጅኑ በሙቀት ስለሚኮማተር ቁርጡ ከስላይዱ ተነስቶ ይንሳፈፋል። ኤሌክትሪካዊ ሙሌት ያለው ስላይድ መጠቀምና ሌሊቱን ማድረቅ ብዙውን አድኖልናል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውኃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፤ ክፍት ዕቃ ላይ ማፍላት ከባሕር ዳርቻ ከተሞች በተጻፈ መመሪያ የተባለውን 98 ዲግሪ አይሰጥም። ግፊት ያለው ድስት ሙቀቱን ይሰጣል፣ ግን ቁርጡን ያናውጣል። በአሲድ የለሰለሰ ቁርጥ ይህን ነውጥ የሚችል አይመስልም፤ በኢዲቲኤ የለሰለሰው በተሻለ ሁኔታ ይጣበቃል፤ ይህ ግን ከራሴ ስላይዶች ያየሁት ነው።

ኢዲቲኤ ጉዳት የለውም ማለቴ አይደለም። ዚንክና ማግኒዚየምንም ስለሚይዝ የአልካላይን ፎስፋቴዝን እንቅስቃሴ ያዳክማል፤ ይህን ኤንዛይም የሚያሳዩ ማቅለሚያዎችን የሚሠራ ሰው ቁርጡን በማግኒዚየም ክሎራይድ ማንቃት ይኖርበታል። በመቅኒ ውስጥ ያለውን ብረት በማቅለም የሚገምት ሰውም ካልሲየም በወጣበት ቁርጥ ላይ አይተማመን፤ አሲድም ኢዲቲኤም ብረት ስለሚቀንሱ ብረቱን በተመጠጠው መቅኒ ላይ ማየት ይሻላል። በሌላ በኩል የክሎሮአሴቴት ኢስተሬዝ ማቅለም በአሲድ ሲጠፋ በኢዲቲኤ ይተርፋል፤ ይህን ለሚጠቀሙ ክፍሎች ብቻውን በቂ ምክንያት ነው።

ለፎርሚክ አሲድ ፍትሕ ማድረግ አለብኝ። በጊዜ ከተያዘ ከጠንካራዎቹ እጅግ ይሻላል። በለንደን ሐመርስሚዝ የተዘጋጀው የመቅኒ አሠራር አሴቲክ አሲድ፣ ዚንክና ፎርማሊን ባለበት ውሁድ ፊክስ አድርጎ፣ ፎርማልዴሃይድ በተጨመረበት 10 በመቶ ፎርሚክ አሲድ ለ6 ሰዓት ያለሰልሳል፤ በዚህም ለኢሚውኖሂስቶኬሚስትሪም ዲኤንኤን ለሚያባዛው ፒሲአርም የሚበቃ ናሙና ይገኛል። ሰዓቱን የሚያከብር፣ ሌሊትና ቅዳሜ ተረኛ ያለው ክፍል በዚህ ቢሠራ አልቃወምም። የእኛ ችግር ሰዓቱ ነበር። በፎርሚክ አሲድ ሦስት ወር ስንሠራ የስድስት ሰዓቱ ናሙና ስንት ጊዜ አሥራ ስድስት ሰዓት እንደሆነ መዝገቡ ይናገራል።

በዋጋ ረገድ ኢዲቲኤ ለአንድ ናሙና ከአሲድ ይወደዳል፤ ብዙ ፈሳሽ ይፈልጋል፣ ፈሳሹም ይቀያየራል። ውጤቱ መዘግየቱም ዋጋ ነው፤ ለሉኪሚያ ጥርጣሬ አንድ ቀን ብዙ ነው፤ ሐኪሞችም ሲደውሉ ያስረዳናቸው በትዕግሥት ነው። ነገር ግን አንድ የአንቲቦዲ ማቅለም ተበላሽቶ ሲደገም የሚባክነው አንቲቦዲ አንድ ሊትር ኢዲቲኤ ከሚዘጋጅበት ዱቄት በላይ ያስወጣል፤ ናሙና እንደገና ለመውሰድ ሰውዬው ሁለተኛ ጊዜ የሚወጋበትን መርፌ ሳንቆጥር ማለት ነው። ፈጣኑን አሲድ ከመደርደሪያው አላወጣነውም። በአርትራይተስ ምክንያት የተለወጠ የዳሌ መገጣጠሚያ ራስ ሲመጣ፣ ዕጢ የማይጠረጠርበትና ማቅለም የማይታዘዝበት ስለሆነ፣ እዚያ እንጠቀምበታለን። ጥርጣሬ ካለ ግን መጀመሪያ ለስላሳውን ክፍል ከአጥንቱ ነጥለን ካልሲየም ማውጫ ሳይነካው ለብቻው ብሎክ እናደርጋለን፤ ይህ ምንም ወጪ የሌለው፣ ከማንኛውም ፈሳሽ የሚበልጥ ዘዴ ነው።

ኢዲቲኤን ለመጀመር የሚያስቡ ክፍሎች ዱቄቱ ከመድረሱ በፊት ሊያደርጉት የሚችሉት አንድ ነገር አለ። በናሙና መቀበያ መዝገባችን ላይ «ካልሲየም ማውጫ፣ የገባበት ሰዓት፣ የወጣበት ሰዓት» የሚል ዓምድ ጨምረናል፤ ይህም ወደ ሪፖርቱ ይተላለፋል። በአሲድ ያለፈ ናሙና ላይ የሚገኝ አሉታዊ ውጤት ከጎኑ ይህ ይጻፍበታል፣ ሐኪሙም ሌላ ቦታ ካለ ሌላ ናሙና እንዲያስብ። ባለፈው ወር ከሌላ ተቋም ለማቅለም በመጡልን ሁለት የአጥንት ብሎኮች ላይ ይህ ዓምድ ባዶ ስለነበር ደውለን ጠየቅን፤ የአንዱን ማንም አላስታወሰም። እሱን የቀለምነው በኬአይ-67 ጀምረን፣ መጀመሪያ የቀይ ደም ሴሎቹን እናቶች አይተን ነው።